«ኢንፊኒቲ ይደርሳል» ብለው የሸጡልኝ ሌንስ፤ እናንተም እንዳትሸወዱ

ደሜ ገና ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ከሞቱ የፊልም ኮምፓክት (ትንንሽ የኪስ) ካሜራዎች ሌንስ እየፈቱ ለሚረርለስ (ሌንሱ ለሚቀያየር ዲጂታል) ካሜራ የሚያስተካክሉትን ሻጮች ታውቋቸዋላችሁ። የሚያሳዩት ፎቶ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አበባ፣ የድመት ፊት፣ ከኋላ የሟሟ ብርሃን። ከሥሩ «በእጅ የተሠራ፣ በባለሙያ የተስተካከለ» ይላል። የሩቅ ፎቶ አንድም የለም። «ኢንፊኒቲ ይደርሳል» የሚሉት ግን በጣም ሩቅ ያለውንም አጥርቶ ያሳያል ለማለት ነው።

የገዛሁት ከኮንታክስ ቲ2 የወጣ ሶናር የተባለ 38 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ቲ2 እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ፣ ቲታኒየም የለበሰ ትንሽ ካሜራ ነው። አምራቹ ኪዮሴራ በ2005 ከካሜራ ሥራ እንደሚወጣ አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ የአንዱ ኤሌክትሮኒክስ ከሞተ የሚያድነው ማግኘት ጭንቅ ነው። መስታወቱ ግን ደህና ነው። እሱን አውጥቶ በዲጂታል መጠቀም በራሱ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። እኔንም ያማለለኝ ይኸው ነው።

ችግሩ የኮምፓክት ሌንስ እንደ ሌላው ሌንስ ተፈትቶ በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) የሚሰካ አለመሆኑ ነው። ሹተሩም (ለብርሃኑ የሚከፈተውና የሚዘጋው) አፐርቸሩም (የብርሃኑን ቀዳዳ የሚያሰፋውና የሚያጠበው) እዚያው ሌንሱ ውስጥ ናቸው። ፎከሱን የሚያንቀሳቅሰው የካሜራው ሞተር ነው። ስለዚህ መስታወቱን ከነቀፎው አውጥቶ፣ ሹተሩን ክፍት እንደሆነ አስሮ፣ በእጅ እየዞረ የሚገባና የሚወጣ አዲስ ቱቦ ውስጥ መክተት ያስፈልጋል። የእኔን በላይካ ኤም ማውንት (ሌንሱ ካሜራው ላይ በሚሰካበት አፍ) ነው የሠሩት። ለፎከስ ሰፊ ቀለበት፣ ለአፐርቸር ደግሞ ቀጭን ቀለበት አበጅተውለታል። ውበቱን አልክድም።

ሁሉም ነገር ያለው ግን ልኬቱ ላይ ነው። በላይካ ኤም ከማውንቱ እስከ ፊልሙ 27.8 ሚሊ ሜትር ነው። በሶኒ ኢ ካሜራዬ ከማውንቱ እስከ ሴንሰሩ፣ ምስሉ እስከሚያርፍበት፣ 18 ነው። የቀረውን 9.8 አዳፕተሩ ይሞላዋል። በዚህ መሀል ሌንሱ ከልኩ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ፊት ከወጣ፣ 38 ሚሊ ሌንስ ከ5 ሜትር ወዲያ ያለውን አጥርቶ አያይም። ቅርብ ብቻ እንደሚያይ ዓይን ሆነ ማለት ነው፤ ያውም መነጽር የሌለው።

አሁን ወደ ሱቁ ልውሰዳችሁ። እዚያ ውስጥ ከ5 ሜትር የሚርቅ ነገር የለም። መደርደሪያው፣ ወንበሩ፣ የሻጩ ፊት፣ ሁሉም ቅርብ ነው። በራሴ ካሜራ ሁሉንም በ2.8፣ ማለትም አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ አነሳኋቸው። ግሩም ነበር። ከዚያ «ሩቅስ?» አልኩት። «ይደርሳል፣ ኢንፊኒቲ ይደርሳል» አለኝ። በመስኮት ልሞክረው ስል እጁን ዘረጋ። «አምጣ እስቲ ወንድሜ፣ ቀለበቱ ገና አዲስ ስለሆነ ጠንከር ይላል። እኔ ላሳይህ።»

ካሜራውን ሰጠሁት። ወደ መስኮቱ እየሄደ ያወራኛል። ሌንሱን በግራ እጁ ከሥር ደግፎታል። አውራ ጣቱ ቀለበት ሲገፋ አይቻለሁ፤ ፎከስ የሚያደርግ ነበር የሚመስለው። የፎከሱ ቀለበት ግን ሰፊው ነው። እሱ የገፋው ቀጭኑን ነው። ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ «ለመሆኑ ምን ምን ታነሳለህ?» አለኝ። ተራራ፣ መንገድ፣ ሰፊ ሜዳ አልኩት። «በጣም ጥሩ፣ ለዚያ የሚሆን ሌንስ ነው» አለኝ። ጣቱ ገና ቀለበቱ ላይ ነበር።

ቀጭ! ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃ ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ ወጣ። «ይኸው!» አለና ካሜራውን መለሰልኝ። ሲመልስልኝ ቀለበቱ 2.8 ላይ ነበር። ልብ በሉ፣ መልሶታል። ይህን ሳስብ ነው አንጀቴ የሚያርረው። አንዴ ለማታለል ገፋው፣ አንዴ ደግሞ ዱካውን ለማጥፋት።

በምን አወቅህ ካላችሁ፣ ፋይሉ ነው የነገረኝ። የድሮ ሌንስ አፐርቸሩን ለካሜራው አይናገርም፤ በመረጃው ላይ ያ ቦታ ባዶ ነው የሚቀረው። እሱም ይህን በደንብ ያውቃል። የሹተር ፍጥነቱን ግን ካሜራው ራሱ ይመዘግባል። በመስኮቱ የተነሳው ፎቶ አይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሹተር 1/200 ሰከንድ ይላል። ወጥቼ ያንኑ ሕንፃ፣ በዚያው ፀሐይ፣ በ2.8 ሳነሳው 1/3200 ሆነ። ልዩነቱ 16 እጥፍ ነው። 4 ስቶፕ (እያንዳንዱ ብርሃኑን በግማሽ የሚቀንስ ደረጃ) ማለት ነው፤ ከ2.8 ወደ 4፣ ወደ 5.6፣ ወደ 8፣ ወደ 11። ቀዳዳው ሲጠብ ጠርቶ የሚታየው ርቀት ይሰፋል፤ በ11 ላይ ደግሞ 5 ሜትር አካባቢ ፎከስ ያደረገ 38 ሚሊ ሌንስ እስከ አድማስ ድረስ የጠራ ይመስላል። በ2.8 ያነሳሁት ሕንፃ ግን መስኮቱና ግድግዳው አይለይም፣ ሙሉ በሙሉ ገንፎ ነው።

ቤት ገብቼ ለካሁት። የፎከሱን ቀለበት እስከ መጨረሻው አዙሬ፣ በ2.8 ጥርት ብሎ የሚታየው የመጨረሻው ርቀት 4.8 ሜትር ሆነ። 38ን በ38 አባዝታችሁ ለ4800 ሚሊ ሜትር ስታካፍሉት 0.3 ይመጣል። ይህች ናት እንግዲህ «በባለሙያ የተስተካከለ» የምትባለው።

ይዤው ተመለስኩ። ሻጩ እንዳላወቀኝ ሆነ፤ ወደ ቴክኒሻኑ ብቻ ጠቆመኝ። ቴክኒሻኑ ከሥራው ቀና ሳይል «አዳፕተርህ ነው» አለ። ሌላ የኤም ማውንት ሌንስ ይዤ ነበር። በዚያው አዳፕተር ላይ ሰክቼ አሳየሁት፤ ኢንፊኒቲ ደርሶ አልፎም ይሄዳል። እንደዚያ ከሆነ አዳፕተሩ አልረዘመም፣ እንዲያውም አጥሯል። ይህን ስነግረው ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «የድሮ ሌንስ ባሕርይ ነው፣ ካራክተር ይባላል» አለኝ። ከዚያ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ፦ «ታዲያ 11 ላይ አድርገህ አንሳበት፣ አይታወቅም።»

አይታወቅም! ይህን ከአፉ ስሰማ ምን እንደምል ጠፋኝ። ብልሃቱን ሁሉም ያውቁታል ማለት ነው።

0.3 ሚሊ ሜትሩን አስተካክሉልኝ አልኩ። ሌንሱ ወደ ኋላ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ቀጭን የብረት ቀለበት ማስገባት ይበቃ ነበር። ወደ ፊት ስለወጣ ግን ብረት መፋቅ ያስፈልጋል። «እሱ አዲስ ሥራ ነው፣ ሌላ ሂሳብ አለው» አሉኝ። ገንዘቤን መልሱ ስልም «ተሠርቶ የተሸጠ አይመለስም» አሉኝ። ሻጩ ይህን ጊዜ ነው ድምፁ የወጣው። ሌላ ደንበኛ እያስተናገደ ነበር። ለእኔ ሳይሆን ለሰውየው «አንዳንዱ ሌንሱን ከእኛ ይገዛል፣ ማንሳቱንም እኛ እንድናስተምረው ይፈልጋል» አለው። ሳቁ። ቴክኒሻኑም ሳቀ። ሰውየው ምን እንደሚያስቀው ባያውቅም አብሮ ፈገግ አለ። እሱም ሌንስ ሊገዛ ነበር የመጣው። እዚያው ፊታቸው 1/200ዋን አሳየሁት። ከገባው ጥሩ።

የሰጡኝ ወረቀት ላይ «ተሞክሯል» የሚል ማህተም አለ። እስከ ስንት ሜትር እንደተሞከረ አልተጻፈም።

በነገራችን ላይ የኮምፓክት ሌንስ አምሮት ላለባችሁ፣ አምራቾቹ ራሳቸው ለስክሪው ማውንት (በመጠምዘዝ ለሚሰካ) የሠሯቸው አሉ። ሪኮ የጂአር1ን 28 ሚሊ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ሚኖልታ ደግሞ የቲሲ-1ን ጂ-ሮኮር 28 በ1998 ለብቻቸው አውጥተዋል። ማንም በጓዳው አልቆረጣቸውም። እንደነዚህ ያሉ ሰፊ እይታ ያላቸው ሌንሶች በዲጂታል ላይ ማዕዘናቸው ሊደበዝዝ ወይም ወደ ሐምራዊ ሊያደላ ይችላል፤ ድብዝዝታውን የሴንሰሩ መሸፈኛ መስታወት፣ ሐምራዊውን ደግሞ ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ በጣም አጋድሎ መውደቁ ነው የሚያመጣው። ቢያንስ ተራራ ያያሉ።

ልትገዙ ከሄዳችሁ ካሜራውን ከእጃችሁ አትልቀቁ። ወደ ውጭ ውጡ፣ ቀለበቱ 2.8 ላይ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፣ በጣም ሩቅ ያለ ነገር አንሱና ስክሪኑን አጉልታችሁ ተመልከቱ። በርቀት የምትገዙ ከሆነ ያልተነካካ የሩቅ ፎቶ ከነሹተር ፍጥነቱ ላኩልኝ በሉ። «ካራክተር» የሚል መልስ ከመጣ ዝጉት።