ሃይሉክስና ፕራዶ፦ የትኛው ጎማ? ስንት ከፍታ?

ፒክአፕ ወይም ፕራዶ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኢንች ከፍ ላድርገው?» ብሎ ነው። እኔም ከዚያው ነው የጀመርኩት። መቅደም ያለበት ግን ጎማው ነው።

ለምን እንደሆነ ለማየት ሜትር ያዙና ከመኪናው ኋላ ተንበርከኩ። በሁለቱ ጎማዎች መሃል ዱባ የሚያክል ብረት አለ፤ ዲፈረንሻሉ ነው። ድንጋይ የሚመታው እሱን ነው። ጭቃ ላይ ቁጭ ብሎ ጎማው በባዶ እንዲሽከረከር የሚያደርገውም እሱ ነው። ከሆዱ እስከ መሬት ያለውን ለኩ። ባሌስትራውን (የሃይሉክስ የኋላ ንጣፍ ብረት ነው፤ ፕራዶ ከሆነ የኋላውን ሞላ) በ5 ሳንቲ ሜትር አስነስታችሁ ድጋሚ ለኩ። ቁጥሩ ያው ነው! ዲፈረንሻሉ ሁለቱን ጎማዎች ከሚያገናኘው ብረት፣ ከአክስሉ፣ ጋር ነው፣ አክስሉ ደግሞ ጎማው ላይ ነው ያለው። ከፍ ያለው ሻንሲውና ቦዲው ብቻ ነው። ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ትልቅ ጎማ ነው፤ እሱም ጎማው በቁመት የጨመረውን ግማሽ ያህል።

ማስነሳት ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። አፍንጫው ዳገት ላይ እንዳይነካ፣ ሆዱ ጉብታ ላይ እንዳይቀር ይረዳል። ጭነት ሲበዛ ኋላው እንዳይተኛም ያደርጋል። ግን ልኩን የሚወስነው የመረጣችሁት ጎማና የምትጭኑት ክብደት ነው።

ብዙ ሃይሉክስና 150 ፕራዶ ከፋብሪካ የሚመጡበትን 265/65 ባለ 17 ቸርኬ መነሻ አድርጌ ላነጻጽር (265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው)። የፍጥነት ቆጣሪው በፋብሪካው ጎማ ልክ ነበር ብዬ ነው ያሰላሁት።

| ጎማ (በ17 ቸርኬ) | የጎማው ቁመት | ዲፈረንሻሉ ከፍ የሚለው | ቆጣሪው 100 ሲል ትክክለኛው ፍጥነት |
|---|---|---|---|
| 265/65 | 776 ሚ.ሜ | 0 | 100 |
| 265/70 | 803 ሚ.ሜ | 13 ሚ.ሜ | 103 ገደማ |
| 285/70 | 831 ሚ.ሜ | 27 ሚ.ሜ | 107 |

265/65፣ ሳይነሳ። ሳምንቱን አዲስ አበባ ውሎ በወር አንዴ መስክ ለሚወጣ ሰው ይሄ ይበቃል። ለማስነሻ ያሰባችሁትን ብር ጥሩ ኦል ቴሬይን (ለአስፋልትም ለኮሮኮንችም የሚሆን) ጎማ ላይ አውሉት። ጎኑ ወፍራም የሆነውን ምረጡ። አፋር ውስጥ ወደ ኤርታሌ አካባቢ የረጋው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጎማውን የሚቆርጠው ከጎኑ ነው።

265/70 ከ40 ሚሊ ሜትር ማስነሻ ጋር። የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። 13 ሚሊ ሜትር ትንሽ ትመስላለች። ግን በቸርኬውና በድንጋዩ መሃል ያለው ጎማም በዚያው ልክ ይወፍራል። አሸዋ ላይ አየሩን ወደ 18 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ ነው) ስታወርዱ ጎማው ለመተኛት ቦታ ያገኛል፤ አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት ግን መልሳችሁ ንፉት። ሞተሩም ብዙ አይከብደውም።

ባሌስትራ ወይም ሞላ ስትገዙ ሻጩን ከፍታውን ብቻ አትጠይቁት። «ለስንት ኪሎ ጭነት የተሠራ ነው?» በሉት። ሁሌ ጀሪካንና ድንኳን ለሚጭን ሰው የተሠራ ጠንካራ ባሌስትራ ባዶ መኪና ላይ ሲገባ ኮሮኮንች ላይ እንደ ፍየል ያዘልላችኋል። ወገባችሁ ይመሰክራል።

285/70 ከ50 ሚሊ ሜትር ማስነሻ ጋር። ያምራል፣ አልክድም። ጥልቅ አሸዋና ትልልቅ ድንጋይ የዘወትር መንገዱ ለሆነ ሰውም ይጠቅመዋል። ዋጋው ግን ጎማ ቤት በሚከፈለው ብር አያበቃም። ጎማው ይከብዳል፤ መነሳትም መቆምም ይዘገያል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ትልቅ ጎማ ባይገባለትም ጉልበት ያጣል። ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ይብሳል። የሊማሊሞን ቁልቁለት ስትወርዱ ደግሞ ፍሬኑ ያንን ሁሉ ክብደት ይይዛል።

አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ካስነሳሁት ጎማው አይነካም» ይባላል። ልክ የሚሆነው መኪናው ቆሞ ሳለ ነው። ጉድጓድ ሲገባ ሞላው ይጨመቅና ጎማው ድሮ እስከሚደርስበት ድረስ ይወጣል። የፓራፋንጎው ውስጥ ፕላስቲክ ላይ ጥቁር የሚያብረቀርቅ መስመር ካያችሁ እየነካ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን የፊት ጎማ ድንጋይ ላይ አውጡና መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሩ። ስኮርታው ከሥር ቦታው መግባቱንም አረጋግጡ። ይሄ ጎማ አገር ቤት ከተቀደደ ምትኩን የሚያኖር ጎሚስታ አለ ወይ የሚለውንም ቀድማችሁ አስቡ።

ሰፊ ጎማ ሁሌ ይሻላል የሚባለውም እንደ መሬቱ ነው። ልቅ አሸዋ ላይ ስፋት ይረዳል። ጭቃው ከላይ ለስልሶ ከታች ጠንካራ ከሆነ ግን ቀጭንና ረጅም ጎማ ሰንጥቆ መሬት ይይዛል። የድሮው ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር 7.50 በ16 ጎማው ቀጭን ነው፤ ቁመቱ ግን 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የገጠሩን መንገድ ለዘመናት የሠራበት በዚያ ነው።

እኔ የፊቱን 75 ሚሊ ሜትር ነበር ያስነሳሁት። ከስድስት ወር በኋላ ጎማ ስቀይር የቸርኬው ውስጥ በግራሶ ተለቅልቆ አገኘሁት። የፊት አክስሉ ላስቲክ ሽፋን ተቀዶ ነበር። አክስሉ ከልኩ በላይ አዘንብሎ ሲሽከረከር ላስቲኩ አልቻለም። ፊታቸው በሞላ ለሆነ ለነዚህ መኪኖች ከ50 ሚሊ ሜትር ባታልፉ ይሻላል።

ሥራው እንዳለቀ መኪናውን አትረከቡ። የኋላው ተነስቶ አክስሉ ሲንጠለጠል የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር አይታችሁ፣ አላይመንት አስደርጋችሁ ነው የምትወጡት። 1,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ደግሞ ተመለሱና የባሌስትራውን ማሰሪያ ብሎኖች ድጋሚ አስጠብቁ።