የኦባማኬር ብሮንዝ ፕላን ሪቪው፦ ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቼዋለሁ

እዚህ ቨርጂኒያ የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ኡበር የሚነዳውም፣ ትንሽ ሱቅ ያለውም፣ እንደኔ የራሱን ትራክ የሚነዳውም፣ ኢንሹራንስ የሚሰጠው አሰሪ ስለሌለው ዞሮ ዞሮ የሚገዛው ከማርኬትፕሌስ ነው፣ ማለትም ኦባማኬር የሚባለው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ካቋቋመው መገበያያ። እኔና ባለቤቴ ያለን ብሮንዝ የሚባለው ፕላን ነው። የካምፓኒውን ስም አልጠራም፣ ሌላ ጋ ብንሄድም የምናገኘው ያው ነው፣ ምን ምን መሸፈን እንዳለበት ሕጉ ነው የወሰነው፣ ስለዚህ ይሄ ሪቪው የፕላኑም የሕጉም ነው።

ብሮንዝ ማለት በአማካይ ከሕክምና ወጪ 60 በመቶውን ኢንሹራንሱ የሚችልበት ነው፣ ሲልቨር 70፣ ጎልድ 80፣ ፕላቲነም 90። ግን "60 በመቶ ይከፍልልኛል" ብሎ የሚገዛ ሰው ይደነግጣል፣ ምክንያቱም ያ አማካይ በጠና የታመመውንም ሰው ጨምሮ የተሰላ ነው፣ ደህና ጤና ያለው ሰው ዓመቱን ሙሉ ዲዳክቴብሉን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከራሱ ኪስ የሚከፍለውን፣ ሳይሞላ ያልፋል፣ ጃንዋሪ ሲመጣ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። የኛ ዲዳክቴብል ለአንድ ሰው ከ7000 ዶላር በላይ ነው። ቼክአፕ፣ ክትባት፣ ማሞግራም ነፃ ነው፣ እሱ ጥሩ ነው፣ ከዛ ውጪ ያለው ግን አብዛኛው ከኛ ኪስ ነው የሚወጣው። ሕጉ በ2026 ከአንድ ሰው ኪስ በዓመት እንዲወጣ የሚፈቅደው ጣሪያ 10,600 ዶላር ነው፣ ለቤተሰብ 21,200። 2014 ላይ ሲጀመር ለአንድ ሰው 6,350 ነበር። ፕሪሚየሙ እዚህ ውስጥ የለበትም፣ እሱ ለብቻው በየወሩ ይከፈላል።

ባለቤቴ ጉልበቷን አሟት ኤምአርአይ ታዘዘላት። ካርዷን ሰጠች፣ ሴትየዋ ኮምፒውተሩን አይታ በኢንሹራንስ የሚመጣውን ዋጋ ነገረቻት፣ ዲዳክቴብል ስላልሞላ ሙሉው የሷ ነው። ከዛ ባለቤቴ "ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቢመጣ ስንት ነው የምታስከፍሉት?" ብላ ጠየቀች። ካሽ ለሚከፍል በጣም ያነሰ ነው! በየወሩ ፕሪሚየም የምንከፍል ሰዎች ካርዱን ስናወጣ ዋጋው ይጨምራል ማለት ነው። በካሽ ከፈለች፣ ግን በካሽ የከፈለችው ደግሞ ለዲዳክቴብሉ አልተቆጠረላትም። እኔ ይሄን ነገር እስከዛሬ መዋጥ አልቻልኩም።

ኔትወርኩም፣ ማለትም ፕላኑ የሚከፍልላቸው ሐኪሞች ዝርዝር፣ ጠባብ ነው። ለብዙ ዓመት የምናውቀው ሐኪም ውስጡ የለም፣ አዲስ ታካሚ የሚቀበል ለማግኘት ስልክ ስትደውል መዋል ነው። ለትራክ ነጂ ደግሞ ይሄ ይብሳል፣ ኦሃዮ ወይ ቴነሲ ላይ እያለሁ ጉሮሮዬን ቢያመኝ ፕላኑ የሚከፍለው ኢመርጀንሲ ከሆነ ብቻ ነው፣ ተራ ክሊኒክ ከገባሁ በራሴ ነው። ሥራዬ ከስቴት ስቴት ነው፣ ኢንሹራንሴ ግን የሚሠራው እቤቴ አካባቢ ነው። ስትገዙ ፕላኑ ኤችኤምኦ ይሁን ኢፒኦ ይሁን ፒፒኦ ማየት አትርሱ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኢመርጀንሲ ካልሆነ ከኔትወርኩ ውጪ ብዙ ጊዜ አይከፍሉም፣ ፒፒኦ ግን በከፊል ይከፍላል፣ ርካሾቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ናቸው።

ታዲያ ለምን እንዲህ ተወደደ? ኦባማ 2008 ላይ ሲወዳደር ለአንድ ቤተሰብ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ይቀንሳል እያለ ነበር የሚቀሰቅሰው። ያለህን ፕላን ከወደድከው ታቆየዋለህም ብሎ ነበር፣ 2013 መጨረሻ ላይ ግን ሚሊዮኖች ፕላናችሁ ተቋርጧል የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። ሕጉ ማርች 23፣ 2010 ሲፈረም አንድም የሪፐብሊካን ድምፅ አላገኘም፣ ያኔ ወግ አጥባቂዎቹ ይሉት የነበረው ይወደዳል፣ መንግሥትም ወጪው አያባራለትም ነበር፣ ብዙ ሰው በተለይ እኛ ኮሚኒቲ ውስጥ ለድሃ ስለማያዝኑ ነው ብሎ ነው ያለፋቸው። የጤና ሚኒስቴሩ ራሱ 2017 ላይ ባወጣው ሪፖርት ኸልዝኬር ዶት ጎቭን (የፌዴራሉን ማርኬትፕሌስ ድረ ገጽ) በሚጠቀሙት ስቴቶች የግለሰብ ፕላን አማካይ ፕሪሚየም 2013 ላይ በዓመት 2,784 ዶላር የነበረው 2017 ላይ 5,712 ደርሷል። ከእጥፍ በላይ ነው እኮ፣ በአራት ዓመት! እርግጥ የድሮው ፕላን ብዙ ነገር አይሸፍንም ነበር፣ በሽተኛም አያስገባም ነበር፣ ያም ሆኖ ሰው ቃል የተገባለት መቀነስ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ሰብሲዲው (መንግሥት ለፕሪሚየሙ የሚሰጠው ድጎማ) የተሠራበት መንገድ ነው፣ እዚህ ላይ ነው መነጋገር ያለብን። የታክስ ክሬዲቱ የሚሰላው ባካባቢው ካሉት ሲልቨር ፕላኖች በርካሽነት ሁለተኛ በሆነው ዋጋ ነው፣ አንተ ከገቢህ የተወሰነ ፐርሰንት ትከፍላለህ፣ የቀረውን መንግሥት ለኢንሹራንሱ ይልካል። ስለዚህ ካምፓኒዎቹ ዋጋ ሲጨምሩ ሰብሲዲ ያለው ሰው አይሰማውም፣ የሚጨምረው መንግሥት ነው፣ ማለትም ታክስ ከፋዩ። ገዢው ካልጮኸ ሻጩ ለምን ይቀንሳል? በዛ ላይ ካምፓኒዎቹ ከሚሰበስቡት ፕሪሚየም ቢያንስ 80 በመቶውን ለሕክምና እንዲያወጡ ሕጉ ያስገድዳል፣ ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ትርፋቸው ከቀሪው 20 ውስጥ ስለሆነ አጠቃላይ ወጪው ባደገ ቁጥር የነሱም ድርሻ ያድጋል። ሆስፒታሉ ዋጋ ሲጨምርባቸው አጥብቀው የሚከራከሩበት ምክንያት ይጠፋል።

ሌላው፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ጥቅል እንድንገዛ ነው የተደረገው። አስር ዓይነት አገልግሎት የግድ ነው፣ ልጆቻችንን አሳድገን የጨረስን ሰዎች የወሊድም እንገዛለን። ሽማግሌው ከወጣቱ ከሦስት እጥፍ በላይ እንዳይከፍል ስለተባለ ወጣቱ ላይ ተጫነ፣ ወጣቱ አልገዛም ሲል 2016 ላይ ቅጣቱ 695 ዶላር ወይም የገቢው 2.5 በመቶ፣ ከሁለቱ የበለጠው ነበር። ቅጣቱን ከ2019 ጀምሮ ዜሮ ያደረገው የ2017ቱ የታክስ ሕግ ነው፣ ተመስገን። 50 እና ከዛ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት በሳምንት 30 ሰዓትና ከዛ በላይ ለሚሠራ ኢንሹራንስ ካልሰጠ ይቀጣል፣ አንዲት ዘመዴ ሰዓቷ 28 ላይ የተቆረጠው በዚህ ምክንያት ነው፣ ኢንሹራንሱንም አላገኘች ደሞዟም ቀነሰ።

አሁን ወደ 2026 ልምጣ። ከ2021 ጀምሮ ሰብሲዲው በጊዜያዊነት ከፍ ብሎ ነበር፣ ገቢው የቱንም ያህል ቢሆን ሰው ለሲልቨሩ ከገቢው 8.5 በመቶ በላይ አይከፍልም ነበር፣ ያ በ2025 መጨረሻ አለቀ። በ2026 ለሁለት ሰው ቤተሰብ የዓመት ገቢ መስመሩ 84,600 ዶላር ነው፣ ለአራት ሰው 128,600። ከዛ በአንድ ዶላር ካለፍክ ሰብሲዲው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ለኛ ለሁለታችን ይሄ በጣም ከባድ ነው፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ሙሉ ፕሪሚየም ሲከፍል ምን እንደሚመስል የከፈለ ያውቀዋል። ገቢው ወደ መስመሩ የተጠጋ ትራክ ነጂ ጭነት እምቢ ቢል አይገርምም፣ ሠርቶ የሚያገኘው ከሚያጣው ያንሳላ።

እንዲህም ሆኖ ከፍ ያለው ሰብሲዲ ይራዘም ብዬ ለመጠየቅ ልቤ እሺ አላለኝም። የኮንግረሱ በጀት ቢሮ በቋሚነት ቢራዘም በ10 ዓመት 350 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይፈጃል ብሏል፣ አገሪቱ ያለባት ዕዳ ደግሞ ከ38 ትሪሊዮን በላይ ነው። ያ ገንዘብ የሚሄደው ለማን ነው? ቀጥታ ለኢንሹራንስ ካምፓኒዎች ነው፣ የኤምአርአዩን ዋጋ ግን ሳንቲም አይቀንሰውም። ልጆቻችን የሚከፍሉት ዕዳ ነው፣ እነሱም ሲያድጉ ይሄንኑ ፕላን ሊገዙ ነው።

ሁለቱን ኮከብ ለምን እንደሰጠሁ ደግሞ በግልጽ ልናገር። ባለቤቴ ስኳር አለባት። ከ2014 በፊት ለግለሰብ ፕላን ስታመለክት በዛ ብቻ እምቢ ሊሏት ይችሉ ነበር፣ አሁን አይችሉም፣ ዋጋም አይጨምሩባትም። ይሄን የሚነካ ሪፐብሊካን ድምፄን አያገኝም። ግን የታመመን ለመርዳት የሁሉንም ዋጋ መስቀል የግድ አይደለም፣ ጎረቤታችን ሜሪላንድ 2019 ላይ ሪኢንሹራንስ ጀመረች፣ ማለትም በጣም ትልቅ ቢል የሚመጣባቸውን ታካሚዎች ወጪ በከፊል ለብቻ ከተቀመጠ ፈንድ መክፈል ነው፣ የግለሰብ ፕላን ዋጋም በዛው ዓመት ወረደ። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው መስፋት ያለበት፣ ለታመመው በቀጥታ ክፈል፣ ለጤነኛው ደግሞ የሚፈልገውን ያህል ይግዛ። የሆስፒታል ዋጋም ሰው ሳይተኛ በፊት በግልጽ ይነገረው።

ለመግዛት ለምታስቡ፦ ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ብሮንዝ አትግዙ፣ እስከ ፌዴራሉ ድህነት መስመር 250 በመቶ ድረስ ሲልቨር ላይ ዲዳክቴብሉን የሚቀንስ ተጨማሪ ድጋፍ አለ፣ ብሮንዝ ላይ እሱ የለም። ከዛም በታች ከሆናችሁ መጀመሪያ ሜዲኬይድ (መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠውን ኢንሹራንስ) ሞክሩ፣ ቨርጂኒያ ከ2019 ጀምሮ አስፍታዋለች። ብሮንዝ የሚሆነው ደህና ጤና ላለውና የተቀመጠ ገንዘብ ላለው ነው፣ ከ2026 ጀምሮ ከማርኬትፕሌስ የተገዛ ብሮንዝ ሁሉ ኤችኤስኤ፣ ማለትም ለሕክምና ወጪ የሚቆጠብበት አካውንት፣ መክፈት ያስችላል፣ ለአንድ ሰው 4,400፣ ለቤተሰብ 8,750 ዶላር ከታክስ በፊት ማስቀመጥ ይቻላል። እኛ ከፍተናል፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የወደድኩት ነገር ቢኖር እሱ ነው፣ ገንዘቡ የራሴ ነው፣ ካልታመምኩም አይጠፋም።

ገቢያችሁ እንደኛ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ገቢ ስትሞሉ በጣም ተጠንቀቁ። በፊት አሳንሶ የገመተ ሰው ታክስ ሲሠራ የሚመልሰው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ጣሪያ ነበረው፣ ከ2026 የታክስ ዓመት ጀምሮ ጣሪያው ተነስቷል፣ የተወሰደው ትርፍ ክሬዲት ሙሉው ይመለሳል። ስለዚህ መሀል ላይ ጥሩ ሥራ ከመጣ በዛው ሳምንት አካውንታችሁ ገብታችሁ ገቢውን አስተካክሉ፣ ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰውም 1095-ኤ የሚባለውን፣ ማርኬትፕሌሱ የሚልክላችሁንና የተከፈለላችሁን ክሬዲት የሚያሳየውን ፎርም ሳትሰጡት እንዳያስገባ።