የድሮ ካምፒንግ ትሬለር፦ መጠጋገን ወይስ እስከ ፍሬሙ ማፍረስ?

አሜሪካ ውስጥ የ1960ዎቹ ሻስታ የሚባል ካምፒንግ ትሬለር (በመኪና የሚጎተት የማደሪያ ቤት) ውስጡ በስብሶ ካገኛችሁ ሁለት መንገድ አለ፤ የበሰበሰውን እንጨት ብቻ ቆርጦ መቀየር፣ ወይ ደግሞ የውጭውን አሉሚኒየም ልባስ ገፎ የእንጨት ፍሬሙን እንደ አዲስ መስራት። የመጀመሪያው ርካሽ ነው ቶሎም ያልቃል፣ ግን እኔ ጥጉ ላይ ያለውን ኮምፔንሳቶ በካቻቢቴ ወጋ ሳደርገው እንደ ረጠበ ዳቦ ስምጥ አለ፣ ትንሽ ነው ያልኩት ብስባሽ በመስኮቱ ስር አልፎ ወለሉ ድረስ ወርዶ ነበር፣ ምክንያቱም ውሃው የሚገባው ከላይ ጣሪያና ግድግዳው ከሚጋጠሙበት ስለሆነ ውስጡን ብቻ ብትለጥፉት ያው ተመልሶ ይበሰብሳል። ማፍረሱ ወራት ይፈጃል፣ ግን መጋጠሚያውን ከፍታችሁ በቡቲል ቴፕ (ውሃ በማያስገባ የሚጣበቅ ማሸጊያ) በደንብ ታሽጉታላችሁ። ጣሪያው ካላፈሰሰ ጥገናው ይበቃል፣ ካፈሰሰ ግን እኔ ማፍረሱን ነው የምመርጠው። አሮጌውን ግድግዳ ግን በጭራሽ እንዳትጥሉት፣ አዲሱን የምትቆርጡት በሱ ልክ ነው።