ልጄን እንቁላልና ሽሮ ያስከለከለችኝ ማሽን

ይህን የምጽፈው ገንዘቤ ቆጭቶኝ ብቻ አይደለም። ቆጭቶኛል፣ አልዋሽም። 2,800 ብር «በማሽን አለርጂ ይለያል» ለተባለ ምርመራ፣ 7,400 ብር ደግሞ «ሰውነት ያጸዳል» ለተባለ ዱቄትና እንክብል ከፍያለሁ። ከብሩ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን አምስት ዓመት ያልሞላውን ልጄን ሰባት ሳምንት ሙሉ ከገበታ ማራቄ ነው። ጎንደር ውስጥ እኔ የሄድኩበት ዓይነት ቦታ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። የቦታውን ስም አልጠራም። ነገሩን ካያችሁት ታውቁታላችሁ።

ከፋሲካ በኋላ ነው የጀመረው። ልጁ እግሩና ክንዱ ላይ ትንንሽ ቀያይ እብጠቶች ወጡበት። ያካል፣ ይቆስላል፣ ይደርቃል፣ ደግሞ ሌላ ይወጣል። ሌሊት እንቅልፍ የለም። አማቴ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሹለት። መሥሪያ ቤት ያሉት በአንድ ድምፅ «አለርጂ ነው፣ አስመርምሪው» አሉኝ። መቼም በእኛ አገር ያስነጠሰው ሁሉ ሳይነስ፣ ያሳከከው ሁሉ አለርጂ ነው።

አንዷ ባልደረባዬ በቴሌግራም ማስታወቂያ ላከችልኝ። ያለ መርፌ፣ ያለ ደም፣ በጥቂት ደቂቃ ከ90 በላይ አለርጂ ይታወቃል ይላል። ልጄ መርፌ ሲያይ ጣራ የሚነካ ልጅ ነው። የያዙኝ እዚህ ላይ ነው።

ነጭ ጋወን የለበሰች ልጅ ተቀበለችን። እድሜውን፣ ቁመቱንና ክብደቱን ጠይቃ ላፕቶፑ ላይ አስገባች። ከዚያ በገመድ የተያያዘ የብረት ዘንግ አስጨበጠችው። በቃ፣ ምርመራው ይኼው ነው። መቼ ጀመረው? የት የት ወጣበት? ምን በልቶ ነበር? ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ያኔ ተነስቼ መውጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ባለ ቀለሙ ወረቀት ከፕሪንተሩ ሲወጣ እያየሁ «ቴክኖሎጂ እንዲህ ደርሷል» እያልኩ ነበር።

ቀይ የተደረገባቸው ወተት፣ እንቁላል፣ ሽንብራ፣ ቲማቲም፣ ሙዝና ጤፍ ናቸው። ጤፍ! ጎንደር ለሚያድግ ልጅ ጤፍና ሽንብራ ከተከለከለ ምን ሊበላ ነው? እሱንኑ ጠየቅኳት። «የሚተካ ዱቄት አለን» አለችኝ።

ሰባት ሳምንት ሩዝና ድንች በላ። እኛ ሽሮ ስንበላ ከጓዳ ብቅ እያለ ያየናል። ሱሪው ከወገቡ መውረድ ጀመረ፤ ስንመዝነው አንድ ኪሎ ተኩል ቀንሷል። እከኩ ግን እንዳለ ነው። ደውዬ ስነግራት «መርዙ እየወጣ ነው፣ ታገሺ» አለችኝ።

ነገሩን ያፈነዳው ወንድሜ ነው። ከድሮም ተጠራጣሪ ቢጤ ነው። ራሱ ሄዶ ተመረመረ። ጎርጎራ በሄደ ቁጥር ዓሣ አራግፎ የሚመጣው ሰውዬ የዓሣ አለርጂ ተገኘበት። በአምስተኛው ቀን ሌላ ሰው ተረኛ ሲሆን ጠብቆ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ክብደቱንም አሥር ኪሎ ጨምሮ ተናግሮ ተመለሰ። አሁን ዓሣው ነጻ ወጣ። በምትኩ እንቁላልና ኦቾሎኒ ቀይ ሆኑ። ዱቄቱ ግን ሁለቴም ያው ነው።

የእኛ ቤት ሙከራ ብቻ አይደለም። ቆዳ ላይ የኤሌክትሪክ ፍሰት ለክቼ አለርጂ አገኛለሁ የሚል የዚህች ማሽን ዘመድ እንግሊዝ ውስጥ ተፈትኖ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2001 ታትሟል። 30 ሰዎች ናቸው፤ ግማሾቹ ለድመት ወይም ለቤት አቧራ አለርጂ ያለባቸው፣ ግማሾቹ የሌለባቸው። ማሽኑ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻለም።

በመጨረሻ ልጁን ወደ ቆዳ ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ያህል ምንም ሳይነካ ሲጠይቀኝ ቆየ። ስንት ቀን አንድ ቦታ ይቆያል? ሌላው የቤት ሰውስ ያከዋል? ቤት ውስጥ ድመት፣ ውሻ፣ በግ አለ? «የፋሲካ በግ ነበር፣ አሁን የለም» አልኩት። ሳቅ አለ። በጉን ሁለት ሳምንት ግቢ አስረን ነበር። ከታረደ በኋላ የተኛበት ገለባ እዚያው ቀረ። ልጁ ሲጫወት የሚውለው እዚያ ላይ ነው። በጉን ያጣ ቁንጫ ደግሞ የሚቀርበውን ነው የሚበላው።

ለካ ልጄ በእርግጥ አለርጂ አለበት፤ ለቁንጫ! አንዳንድ ልጅ ሲነከስ ቆዳው ከልክ በላይ ይቆጣል። እብጠቱ እየተንጋጋ ይወጣና ቀናት ይቆያል። ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። ገለባውን አውጥተን አቃጠልን፣ አንሶላና ብርድ ልብሱን በፈላ ውሃ አጠብን፣ ሐኪሙ ያዘዘውን ቅባት ቀባነው። በሦስት ሳምንት እግሩ ጠራ። እንቁላሉንም ሽሮውንም በዚያው ቀን መለስኩለት። ምንም አልሆነም።

የምግብ አለርጂ መልኩ ሌላ ነው አለኝ ሐኪሙ። ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይመጣል። ያው ምግብ በተበላ ቁጥርም ይደገማል። ሽፍታው አንዱ ጋ ጠፍቶ ሌላው ጋ ይወጣል፣ ከንፈር ያብጣል፣ ያስመልሳል። ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰው ራሱን ከሳተ የምርመራ ወረፋ አይያዝም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል፣ አድሬናሊን (ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው መርፌ) ወዳለበት። ወተት ጠጥቶ ሆድ መንፋት ደግሞ ብዙ ጊዜ አለርጂ ሳይሆን የወተቱን ስኳር አለመፍጨት ነው።

ትክክለኛ ምርመራ የለም ማለቴ አይደለም፣ አለ። አንደኛው ቆዳ ላይ ይደረጋል። ክንድ ላይ የተጠረጠረው ነገር ጠብታ ይቀመጥና ቆዳው በትንሹ ይወጋል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቀው እብጠቱን በሚሊ ሜትር ይለካሉ፤ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፖዘቲቭ ይባላል። ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን የሚባሉትን የአለርጂ መድኃኒቶች እየወሰዳችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ሳምንት ያህል ካልተቋረጠ ውጤቱን ይሸፍነዋል። ሁለተኛው የደም ምርመራ ነው፤ አይ ጂ ኢ የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል ለእያንዳንዱ ነገር ለብቻ ይለካል።

አሁን የደም ምርመራ ውጤት ወረቀታችሁን አንብቡ። «ጠቅላላ አይ ጂ ኢ ከፍተኛ» የሚል ብቻ ከሆነ አትደንግጡ። ወስፋትና ሌላ የአንጀት ትልም ከፍ ያደርገዋል። በእኛ አካባቢ ልጆች ላይ ትል ስንት ጊዜ እንደሚገኝ እናንተም ታውቃላችሁ። «አይ ጂ ጂ» (ሌላ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ነው) ከሆነና ከጎኑ ረጅም የምግብ ዝርዝር ካለ ደግሞ ገንዘባችሁን ያዙ። አይ ጂ ጂ ሰውነት ያንን ምግብ እንደቀመሰ ነው የሚናገረው። ጤፍ የሚበላ ሰው ላይ የጤፍ አይ ጂ ጂ መገኘቱ ምን ይገርማል? የአውሮፓ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበር ለምግብ አለርጂ አትጠቀሙበት ብሎ በፈረንጆቹ 2008 ጽፏል።

ትክክለኛው ምርመራ እንኳ ፖዘቲቭ ቢል በራሱ አለርጂ ነው ማለት አይደለም። ያንን ምግብ እየበላችሁ ምንም የማትሆኑ ከሆነ፣ ወረቀቱ ሰውነታችሁ ምግቡን እንደለየው ብቻ ነው የሚያሳየው። ለዚህ ነው ጥሩ ሐኪም የጠረጠረውን ሁለት ሦስት ነገር እንጂ ዘጠና ነገር በአንዴ የማያዘው። የእኔን ልጅማ ጭራሽ ምርመራ አያስፈልገውም አለኝ።

ገንዘቤን ላስመልስ ሄጄ ነበር። ልጅቷ የልጄን እግር ስታይ ፈገግ አለች። «አየሽ? ዱቄቱ ሠራ!» አለችኝ። ደረሰኜን አውጥቼ ይመለስልኝ አልኳት። አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ። እስከዚያ ድረስ አንብቤው አላውቅም ነበር። የትኛውም ቦታ ላይ «ምርመራ» የሚል ቃል የለም። 2,800 ብሩ የተቆረጠው «ለምክር አገልግሎት» ነው።