ምኒልክን ኮረብታ ላይ ውሃ ያስጠማሁበት ጌም፦ ሲቪላይዜሽን 6 ከስምንት ወር በኋላ

ሲቪላይዜሽን 6 አገር ይዘህ፣ ተራ በተራ እየተጫወትክ ከተማ የምትገነባበት የኮምፒውተር ጌም ነው። የገዛልኝ ዲሲ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ቅናሽ ጠብቆ በራሱ ካርድ ከፈለልኝ። ለፋሲካ ሲመጣ በበግ አወራረድን። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ያ የበግ ጌም» ነው የምትለው።

ላፕቶፑን የሸጠልኝ ልጅ «ወንድሜ፣ ይሄ ማሽን የማያስኬደው ጌም የለም» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ያስኬዳል። ተራው 200 ካለፈ በኋላ ግን ኮምፒውተሩ የራሱን ተጫውቶ ወደኔ እስኪመልስ ቡና ተቆልቶ ይፈላል። እሱን እንለፈው። ላወራ የመጣሁት ስለ መጀመሪያው ተራ ነው።

ለማያውቀው፦ ጌሙ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4000 ዓመት ይጀምራል። አንድ ሰፋሪና አንድ ተዋጊ ይሰጡሃል። ዙሪያህን ትንሽ መሬት ይታይሃል፣ የቀረው ገና አልተገለጠም። ሰፋሪው ከተማ ይቆረቁራል። አንዴ ከቆረቆርክ በቃ፣ ከተማዋን ማንቀሳቀስ የለም። እስከ ሦስት ቤት ድረስ ያለውን መሬት እየሠራች ትኖራለች። ቤት የምለው ካርታው የተከፋፈለበትን ባለ ስድስት ጎን ቁራጭ ነው፣ የዳማ ቤት በሉት።

ኢትዮጵያ ጌሙ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አልነበረችም። የገባችው በ2020 እ.ኤ.አ. በተጨማሪ ጥቅል ነው፣ መሪዋም ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ከማን ልጀምር ነበር ታዲያ? የምኒልክ ልዩ ችሎታ «የሚኒስትሮች ምክር ቤት» ይባላል። ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ከሚያስገባው የእምነት ነጥብ 15 በመቶውን ያህል የሳይንስና የባህል ነጥብ ይጨመርለታል። ወታደሩም ኮረብታ ላይ ይበረታል። እኔ ይህን አንብቤ ሌላ ነገር ማንበብ አቆምኩ። ከፍ ያለ ኮረብታ ፈልጌ፣ ዙሪያውን ሁሉ አይቼ፣ ደረቴን ነፍቼ ቆረቆርኩ። ስሙ ራሱ መጣ፦ አዲስ አበባ። ትንሽ እንባ ቢጤም አቅርሮኛል፣ አልዋሽም።

ወንዙ ሦስት ቤት ርቆ ነበር።

እዚህ ጌም ውስጥ ከተማ ስንት ሰው እንደሚችል መጀመሪያ የሚወስነው ውሃ ነው። ወንዝ ወይም ሐይቅ ዳር ከሆንክ የ5 ሰው መኖሪያ አለህ። ባሕር ዳር 3። ውሃ ከሌለ 2። ቤተ መንግሥቱ 1 ይጨምርልሃል። የኔዋ አዲስ አበባ ሦስተኛው ሰው ላይ ስትደርስ ዕድገቷ ወደ ሩብ ወረደ። ያ ሁሉ የኮረብታ ሳይንስስ? እምነት ገና አላመረትኩም። የዜሮ 15 በመቶ ስንት ነው? ጎረቤቴ ክሊዮፓትራ ወንዝ ዳር ሆና ሕዝቧን እንደ ጉድ ታራባለች፣ እኔ ሦስት ሰው ይዤ ኮረብታ ላይ ነፋስ እቀበላለሁ። ምርት፣ ማለትም የግንባታ ጉልበት፣ ለማፋጠን ብዬ በአቅራቢያዬ ያለውን ደን ሁሉ መነጠርኩ። ሁለት ቅዳሜ የፈጀ ጨዋታ ነው፣ በሽንፈት ዘጋሁት።

የሚያናድደው ደግሞ ጌሙ ነግሮኝ ነበር። ሰፋሪውን ስትነካው መሬቱ ይቀለማል። ጥቁር አረንጓዴ ንጹህ ውሃ ነው፣ ፈካ ያለው አረንጓዴ ባሕር፣ ግራጫው ውሃ የለም ማለት ነው። ግራጫ ላይ ቆሜ ነው የቆረቆርኩት።

ጌሙን ልሰርዘው እጄ ከደረሰ በኋላ ነው የገባኝ። ይሄ እኮ እንጦጦ ነው! አፄ ምኒልክም መጀመሪያ የከተሙት ተራራው ላይ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት እንኳ በ1882 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ለጠላት የማይመች፣ ሩቅ የሚያሳይ፣ ወታደር የሚወደው ቦታ። ለመኖር ግን ብርዱ አጥንት ይገባል፣ እንጨቱም ተመናመነ። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃው ጋ ወርደው አካባቢውን ወደዱት፣ እዚያ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፣ ስሙንም እሳቸው አወጡት። 1879 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አዲስ አበባም ቢሆን ማገዶ አጥሯት አዲስ ዓለም ልትተካት ትንሽ ነበር የቀራት። ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። እኔ ደኑን ስመነጥር ይህን ሁሉ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀው ነበር። ያስታወሰኝ ጌም ነው። በግ አይበዛበትም።

አንድ ነገር ግን አይዋጥልኝም። ጌሙ ላይ ሰፋሪህ የሚቆምበት መሬት ሁልጊዜ ባለቤት የሌለው ነው። ፊንፊኔ ግን ባዶ አልነበረችም፣ በፍልውሃው ዙሪያ ኦሮሞዎች ይኖሩ ነበር። አንድ ጊዜ ነካ አድርጎ «ከተማ ተቆረቆረ» ማለት ጌም ላይ ብቻ ነው የሚቀለው።

ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምሩት ልጆች አንድ ምክር አላቸው፦ «ተራ 1 ላይ ቁም፣ እዚያው ትከል።» እያንዳንዱ የዘገየ ተራ ኪሳራ ነው ይላሉ። እሺ፣ ሁለት ተራ ብሄድ ምን ከሰርኩ? በጌሙ አቆጣጠር 80 ዓመት። ያስፈራል። ግን ጨዋታው እስከ 500 ተራ ይሄዳል እኮ! ሁለት ተራ ሄጄ ወንዝ ዳር ያለ ኮረብታ ካገኘሁ፣ የ5 ሰው መኖሪያዬን ይዤ የምኒልክን 15 በመቶም አላጣሁ። ኮረብታው ያለው ሣራማ መሬት ላይ ሳይሆን ጌሙ «ፕሌይንስ» በሚለው ደረቅ የመሬት ዓይነት ላይ ከሆነ ደግሞ የከተማው መሐል ራሱ በ1 ፈንታ 2 ምርት ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ አንድ ምርት ማለት ትልቅ ነገር ነው። አምስት ተራ ከዞርክ ግን ልጆቹ ልክ ናቸው፣ ያኔ ጠፍተሃል።

በቅርቡ ለለውጥ ብዬ ሌላ አገር ይዤ ገባሁ። ምኒልክ ጎረቤቴ ሆኑ። የለመደብኝ ነውና ኮረብታ ላይ ቆረቆርኩ። ብቅ አሉና ተቆጡ። ምኒልክ ኮምፒውተሩ ሲያጫውታቸው ኮረብታውን የሚተውላቸውን ነው የሚወዱት። ከስንት ዓመት የእንግሊዝኛ ጌም በኋላ፣ በገዛ ቋንቋዬ፣ በገዛ ንጉሤ ተወቀስኩ። ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ መሰለኝ።

የቀረው? ጦርነቱ ደህና ነው። መጨረሻው ይሰለቻል፣ ሃያ ከተማ አንድ በአንድ ማዘዝ ሥራ ቦታ የዋልኩ ነው የሚያስመስለው። ከጀመርኳቸው ጨዋታዎች ግማሹን አልጨረስኩም። ብዙ ጊዜ ከተማዋን ቆርቁሬ፣ ሠላሳ ተራ አይቼ፣ አዲስ እጀምራለሁ። ገንዘቡን ለመጀመሪያው ተራ ብቻ ከፈልክ ብትሉኝ አዎ፣ ከፈልኩ። ድጋሚ ቢሆንም እከፍላለሁ፣ በጉ ቢወደድም።

ትናንት ማታ ምኒልክን ይዤ ጀመርኩ። ሰፋሪው ያለው ደረቅ ኮረብታ ላይ ነው፣ ግራጫ። ሁለት ቤት ወረድ ብሎ ወንዝ አለ፣ ከወንዙ አጠገብ ደግሞ ከመሬት እንፋሎት የሚወጣበት ቦታ። ፍልውሃ! የውሃ ቦይ ከጎኑ ብትሠራ ነዋሪው ይደሰታል፣ የትምህርት ሰፈር ብትሠራ ሳይንሱ ይጨምራል። ግን ታች ያለው ቦታ ኮረብታ አይደለም። 15 በመቶዬ ሊቀርብኝ ነው። ከላይ ልቅር ወይስ ልውረድ እያልኩ አይጡን ሳሽከረክር ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ስክሪኑን አየች።

«ምንድነው ያ የሚጨሰው?»

«ፍልውሃ።»

«ታዲያ ላይ ምን ትሠራለህ? ውረድ!» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ወረድኩ።