የኦዙን አስማተኛ አድጎ ማንበብ

ፊልሙን ያየ ሰው መጽሐፉንም የሚያውቀው ይመስለዋል፣ ግን ኤል ፍራንክ ባውም በ1900 ያወጣው የኦዝ ታሪክ ሌላ ነገር ነው። የዋናዋ ገጸ ባህሪ የትንሿ ልጅ የዶሮቲ ጫማ ራሱ ቀይ ሳይሆን ብር ነው፣ ኦዝ የሚባለው አገርም ህልም አይደለም፣ ዶሮቲ የምር ሄዳ የምር ነው የምትመለሰው።

መግቢያው ላይ ደራሲዬ ልብ የሚሰብረውንና የሚያስፈራውን ትቼ ደስታውን ብቻ አስቀርቻለሁ ይላል። እሺ ብላችሁ ስትቀጥሉ የዶሮቲ የመንገድ ጓደኛ የቆርቆሮው ሰውዬ የ40 ተኩላ አንገት በመጥረቢያ ቀልቶ ይከምርላችኋል ሃሃ። የሱ የራሱ ታሪክማ ይብሳል፣ ድሮ እንደማንም ሰው እንጨት ቆራጭ ነበር፣ ሊያገባት ካሰባት ልጅ ጋር የምትኖረው አሮጊት ግን የቤቱን ሥራ ማን ሊሠራልኝ ነው ብላ ለጠንቋይዋ ሁለት በግና አንዲት ላም ቃል ትገባላታለች፣ ከዛ መጥረቢያው ይደገምበትና እያዳለጠ እግሩን፣ እጁን፣ አንገቱን ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠው ሁሉ በቆርቆሮ ይተካል፣ በመጨረሻ ልቡ ሲሄድ ፍቅሩም አብሮ ይሄዳል። ይሄን ሁሉ እኮ እንደ ተራ ወሬ ነው የሚነግረን።

ለኔ ምርጡ አስማተኛው የሚኖርበት ከተማ ኤመራልድ ሲቲ ነው። በሩ ላይ ድምቀቱ እንዳያሳውራችሁ እየተባለ ለሁሉም አረንጓዴ መነጽር ይደረግና በቁልፍ ይቆለፋል፣ ለውሻው ለቶቶ ሳይቀር። ኋላ ሲጣራ ከተማው ከሌላ ከተማ የተለየ አረንጓዴ አይደለም፣ ታላቁ አስማተኛም በባሉን የመጣ የሰርከስ ሰው ነው። እስከዚህ ልጅም ይገባዋል። አዋቂን ቆም የሚያደርገው ቀጥሎ ያለው ነው፣ ዶሮቲና ጓደኞቿ አጭበርባሪ መሆኑን በዓይናቸው ካዩ በኋላ ምስጢሩን ሊጠብቁለት ይስማማሉ፣ አልፎ ተርፎ በማግስቱ ተራ በተራ እየገቡ አእምሮ ስጠኝ ልብ ስጠኝ ይሉታል! አስማተኛውም ፉርሽካ ከመርፌና ከስፒል ጋር ቀላቅሎ አእምሮ የፈለገውን የገለባውን ሰውዬ ጭንቅላት ይሞላለታል፣ እሱም ደስ ብሎት ይወጣል።

አስማተኛው ከሄደ በኋላ ግን ይንዛዛል። የሚማቱ ዛፎች፣ በጭንቅላታቸው የሚጋጩ ሰዎች፣ ምናምን፣ ገጽ ለመሙላት የገቡ ነው የሚመስሉት፣ ከነሱ የፖርሴሊን ሰዎቹ አገር ብቻ ያምራል። ከ5 4 እሰጠዋለሁ።

ጽሑፍ ብቻ ያለበትን እትም ባትገዙ ይሻላል። የመጀመሪያው እትም ላይ የሠዓሊው የዴንስሎው ስዕሎች ቀለማቸው እንዳሉበት አገር ይቀያየራል፣ መንችኪን የሚባሉት የኦዝ ሰዎች ጋ ሰማያዊ፣ ኤመራልድ ሲቲ አረንጓዴ፣ ይሄን የጠበቀ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ጽሑፉ ብቻ ይበቃኛል ካላችሁ ደሞ ብር አታውጡ፣ የቆየ መጽሐፍ ስለሆነ ኦንላይን በነጻ ይወርዳል።