ከስክስ ጫማ ልትገዙ ላሰባችሁ

እኔ የወረዳ ፖሊስ ነኝ፣ ሰው ፖሊስ ሲባል ሽጉጥና መኪና ይመስለዋል እንጂ የኛ ስራ ግማሹ እግር ነው ወገን፣ የበግ ሌባ ፍለጋው፣ የድንበር ጸቡ፣ መጥሪያ ማድረሱ፣ ብዙው መኪና የማይገባበት ቀበሌ ነው። እና አምና ክረምት ሳይገባ ደብረ ብርሃን ካለ አንድ ሱቅ 4,200 ብር አውጥቼ ከስክስ ገዛሁ። ባለሱቁ «ኦሪጅናል ቆዳ ነው ጋሼ፣ ውሃ አያስገባም» አለኝ።

አስፋልት ላይ ምንም አይወጣለትም፣ ለጥቅምት ውርጭም አሪፍ ነው (2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ሌሊት ተረኛ ሆኖ የቆመ ያውቀዋል)። ግን ሐምሌ ላይ የእነዋሪን መረሬ (ጥቁሩን አፈር) ረግጣችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ጭቃ አይደለም ሙጫ ነው፣ እግርህን ባነሳህ ቁጥር አንድ ኪሎ አፈር ይዘህ ትነሳለህ፣ በሶስተኛው ሳምንት የግራው ሶል አፉን ከፈተ፣ መጥሪያ ልሰጠው የሄድኩት ሰውዬ ራሱ ሳቀብኝ እኮ! ስመልሰው ያ ጋሼ ሲለኝ የነበረው ባለሱቅ «አያያዝህ ነው» ብሎ ድርቅ።

ጫማ ሰፊ ጋ ወስጄ በናይሎን ክር ዙሪያውን አሰፋሁት፣ ይሄው እስካሁን አለ። ስትገዙ ሶሉ የተሰፋ ነው ወይስ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ እሱን አገላብጣችሁ እዩ፣ ቁጥሩንም ለሱፍ ካልሲ አንድ ከፍ አድርጉት።